ምጣጭ

አሸዋ ገበያ ጥግ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
መርዲያ ሸንኮራ ትልጣለች፣ ቢላዋዋ ሲያብረቀርቅ።
ደንበኛ ያኝካል፣ ይመጥጣል፣ ይተፋል፤
የተተፋው ነጭ ክር ደቻቱ ዳር ያድራል።
ከዚያ የፍየል ነው፣
ከፍየል የተረፈው የንፋስ፣
ከንፋስ የተረፈው የጎርፍ።
እንዲህ ነበር ውሉ፣
እኔ ማዳበሪያ ይዤ መጥቼ እስካፈርሰው ድረስ።

«ምጣጩን ሽጪልኝ» አልኳት።
ሳቀች። ገራባ የምትለቅመው ሒንዲያም ጎንበስ እንዳለች ሳቀች።
«ጣፋጩን ሰው ወስዶት፣
ጥርስ ያደቀቀውን አንቺ ልትገዢ?
አቦ፣ እነዚህን ፍየሎች ጠይቂ፣
እሺ ካሉሽ ውሰጂ።»

ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ፣ ሠላሳ ብር።
የባጃጁ ነስረዲን «የማን ፍራሽ ተቀደደ?» አለኝ፤
ዝም አልኩት።
አጠብኩት፣ ላቦራቶሪው ጣሪያ ላይ አሰጣሁት፤
ማድረቁን ለድሬ ፀሐይ ተውኩት፣
እሷ ሥራዋን ታውቃለች።

ሲያዩት ጭድ ነው።
ግን በክሩ ውስጥ ሌላ ስኳር አለ፣
ምላስ የማይፈታው፣ ጥርስ የማይደርስበት፣
እንደ ዝምተኛ ሰው ቂም ተቋጥሮ የተቀመጠበት።
አሲድ ቋጠሮውን ይፈታል፣
እሳት ደግሞ የተፈታውን ሌላ ነገር ያደርገዋል፤
ከዚያ በእንፋሎት ይወጣል፣ በቀዝቃዛ ቱቦ ይወርዳል።
መጽሐፉ ላይ ቀላል ነው።

መጽሐፉ የድሬን ውሃ አያውቅም!
ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ የሚተክለው ውሃ
ቱቦዬንም ጉሮሮውን አንቆ ኖራ አበቀለበት፤
ሦስተኛው ቀን ላይ እሱም ራሱ ጠፋ።
ከዚራ ድረስ ሄጄ በረዶ በፌስታል ገዛሁ፣
እየሮጥኩ ተመለስኩ፣
እኔ ሳልብ፣ በረዶውም ሲያልብ፣
ማን ቀድሞ እንደሚያልቅ ሳናውቅ።

ማታ፣ መብራት ሊሄድ ሲል፣
አንድ ጠብታ ወደቀች። ቆይታ ሌላ።
ቢጫ፣ እንደ አሮጌ ፎቶ ዳር፤
ሽታዋ ንጋት ላይ ዳቦ ቤት፣ ትንሽ ያረረበት።
በመፈተኛው ወረቀት አስነካኋት፤ ወረቀቱ ቀላ፣
እንደ ሙሽራ መዳፍ ከሒናው በኋላ።
ፉርፉራል ብዬ ስሟን ጻፍኩ፣ ቀኑንም፤
የምነግረው ሰው ስላልነበረ
ለዘበኛው ነገርኩት። «እንኳን ማረሽ» አለኝ።

በሳምንቱ ጠርሙሷን ይዤ ወደ መርዲያ ሄድኩ፤
ቢጫዋ ጠቁሮ ነበር።
«ይጠጣል?» አለች።
«አይጠጣም፣ መርዝ ነው።»
«ወላሂ! ከጣፋጭ ትራፊ መርዝ ልታወጪ ነው
የልጆቼን ምሳ የወሰድሽው?»
አንዷ ፍየል ቀና ብላ አየችኝ።
ፍየል እንዲህ ስታይ ሰው ያፍራል።
«ሙጫ ይሆናል» አልኩ ፈጠን ብዬ፣
«አሸዋ ያጣብቃል፤ የቀለጠ ብረት የሚፈስበትን
ቅርጽ ይሠሩበታል፣ እንዳይፈርስ ይይዘዋል...»

ቢላዋዋ ቆመ።

«አባቴ» አለች፣ «ምድር ባቡር ነበር፣ ማቅለጫ ቤት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሸዋ ያቦካበት።
ቅርጹ እንዳይፈርስ ሞላሰስ ይለውሱበታል።
ማታ ሲገባ በር ላይ እንጠብቀዋለን፣
ግራ መዳፉ የወንድሜ፣ ቀኙ የእኔ፤
እንልሰዋለን።
ብረት ብረት የሚል ጣፋጭ።
ይኸው አርባ ዓመት ሸንኮራ ስሸጥ፣
ስቀምሰው ሁልጊዜ ብረቱ ይጎድለኛል።»

ጠርሙሴን በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኩ።
አዲስ ነገር ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤
ለካ የገበያው ስም እንኳ ሲነግረኝ ኖሯል፣
አሸዋ፣ አሸዋ እያለ።

ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተች፣ ፊቷን አጨማደደች፣
መለሰችልኝ።
«ብረት አይሸትም» አለች። «ገና ነው።
የሚመጣው ማዳበሪያ ስልሳ ብር፤
ግማሹ ደግሞ የፍየሎቼ።»
ተስማማሁ።

ከዚያ አንድ አንጓ ልጣ ሰጠችኝ፣ በነጻ።
አኘኩ፣ መጠጥኩ፣ ወተቱ እስኪያልቅ።
አፌ ውስጥ ነጩ ክር ቀረ፤
ዙሪያዬን አየሁ፣
የት እንደምተፋው ጠፋኝ።